«ሥራሽ ምንድን ነው?»

የሥራ ቦታ ሐኪም ማን ሊሆን ይገባል? አጭር ታሪክ

ዑለያ ውስጥ ከምሠራበት ቤት ጣሪያ ላይ ልብስ ላሰጣ ስወጣ ሁለቱ ረጃጅም ሕንፃዎች ይታዩኛል፤ አናቱ ላይ ኳስ የታቀፈው ፈይሰሊያና አናቱ እንደ መርፌ ቀዳዳ የተበሳው የመምለካ ግንብ። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ግራና ቀኙ ክሊኒክ ነው፤ የጥርስ፣ የቆዳ፣ የዓይን፣ የውበት። ሪያድ ውስጥ ሐኪም የጠፋበት ሰፈር ቢኖር እንኳ ዑለያ አይደለም። እኔ ግን በዚህ ሁሉ ሐኪም መሐል ታምሜ፣ ሕመሜ ከሥራዬ የመጣ መሆኑን የሚነግረኝ ሰው ለማግኘት አምስት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

ነገሩ የሆነው ረመዳን ሊገባ ሲል ነው። እናንተም ታውቁታላችሁ፣ ረመዳን ሲቀርብ ቤቱ ከላይ እስከ ታች ይታጠባል። እኔ አራት መታጠቢያ ቤት ነበረብኝ። ቶሎ እንዲነጣልኝ ብዬ በረኪናውን ከሽንት ቤት አሲዱ ጋር ደባልቄ አፈሰስኩት። ክፍሉ መስኮት የለውም። ሽታው ሳሎን እንዳይገባ ደግሞ በሩን ዘጋሁት። ደረቴ ውስጥ እሳት የጨመሩብኝ መሰለኝ። ዓይኔ አለቀሰ፣ ጉሮሮዬ ተዘጋ። ተጎትቼ ወጣሁና ትንሽ ሲሻለኝ ተመልሼ ጨረስኩ። ሥራው መቼ ይጠብቃል! ከዚያ ወዲህ ግን ሳሉ አልለቀቀኝም። በየሳምንቱ መታጠቢያ ቤት ባጸዳሁ ቁጥር ማታ ማታ ደረቴ ያፏጫል።

ማዳም ደግ ናት፣ አልዋሽም። በራሷ ገንዘብ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ሐኪሙ ግን አንድም ጊዜ ፊቴን አላየም። የሚጠይቀው እሷን ነው። ቲቢ አለባት ወይ? ልጆቹ አጠገብ ትተኛለች ወይ? ነፍሰ ጡር ናት ወይ? ደረቴን በራጅ አዩት፣ ደም ወሰዱ። በመጨረሻ ወረቀት ጽፎ ለማዳም ሰጣት። መኪና ውስጥ ሆነን «ምን አለ?» ብላት «አልሐምዱሊላህ ምንም የለብሽም፣ መሥራት ትችያለሽ» አለችኝ። በማግስቱ ያንኑ በረኪና ይዤ ያንኑ በር ዘጋሁ።

ሁለተኛውን ሐኪም ያገኘሁት ትንፋሽ አጥሮኝ ሌሊት የተወሰድኩበት ሌላ ቦታ ነው። ሸምገል ያሉ ሱዳናዊ ነበሩ። መጀመሪያ የጠየቁኝ «ኤሽ ሹግሊክ?» ብለው ነው፤ ሥራሽ ምንድን ነው? የቤት ሠራተኛ ነኝ አልኩ። «እሱንማ አወቅሁ፤ ዛሬ ምን ስትሠሪ ነበር?» አሉ። በምን ታጸጃለሽ? ከምን ጋር ትቀላቅያለሽ? በሩ ክፍት ነው ዝግ? ነርሷ እንድትቆይ አድርገው ማዳምን ትንሽ ውጭ ጠብቂን አሏት። አምስት ደቂቃም አልፈጀባቸው። በረኪናና አሲድ ሲገናኙ ክሎሪን የሚባል መርዛም ጋዝ እንደሚወጣ፣ የሳንባን መተንፈሻ ቧንቧ እንደሚያቃጥል፣ ደጋግሞ ከሆነ እንደ አስም ሆኖ ሊቀር እንደሚችል ነገሩኝ። ለማዳምም ያንኑ ደገሙላት። እሷም ደነገጠች፤ ማን ነግሯት ታውቃለች?

ሁለቱም ሐኪሞች ግድግዳ ላይ በመስታወት የተሰቀለ ፈቃድ ነበራቸው። ሁለቱም የተማሩ ናቸው። ታዲያ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? አገር ቤት የታሪክ ትምህርት ጀምሬ በኑሮ ምክንያት ያቋረጥኩ ሰው ነኝና ነገሩ ከነከነኝ። ሠራተኛን የሚያክም ሰው ምን ማሟላት አለበት ተብሎ ነው ከጥንት ጀምሮ የተደነገገው? በየዓርቡ እያነበብኩ ያገኘሁትን ለእናንተ ላካፍል። ፈረንጅ አገር ያለውን በእነሱ አቆጣጠር፣ የአገራችንን በእኛው እጽፈዋለሁ።

የሽንት ቤት ጠራጊውና ሐኪሙ

ታሪኩ የሚጀምረው፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ በሰው ቤት ሽንት ቤት ከሚጠርግ ሠራተኛ ነው። በርናርዲኖ ራማዚኒ እ.ኤ.አ. በ1633 ካርፒ በምትባል የጣሊያን ከተማ የተወለደ፣ በሞዴና ያስተማረ ሐኪም ነበር። አንድ ቀን የራሱን ቤት የሽንት ጉድጓድ የሚጠርገው ሰው እየተጣደፈ ሲሠራ ያየዋል። ለምን እንዲህ ትቸኩላለህ ቢለው፣ ሰውየው ቀና ብሎ እዚህ ቦታ መቆየት ምን እንደሆነ ያልሞከረው አያውቀውም አለው። ዓይኑ ቀልቷል፣ ደክሟል። ሥራውን ሲጨርስ ጨለማ ክፍል ገብቶ ካልተኛ ዓይኑ እንደማይመለስለት ነገረው። ራማዚኒ ከዚያ ወዲያ ከተማው ውስጥ ሲዞር በዚሁ ሥራ ዓይናቸው ጠፍቶ የሚለምኑ ሰዎችን አየ።

ከዚያ በኋላ ማዕድን ቆፋሪውን፣ ሸክላ ሠሪውን፣ ጋጋሪውን፣ አዋላጇን እየዞረ ጠየቀ። እ.ኤ.አ. በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታዎች መጽሐፍ አሳተመ። ስለ ልብስ አጣቢ ሴቶችም አንድ ምዕራፍ አለው። ቀኑን ሙሉ እርጥበት ውስጥ መቆም፣ የአመድ ውሃው እንፋሎት፣ የሚሰነጣጠቅ እጅ፣ ሁሉም ተጽፏል። ከ300 ዓመት በላይ ያለፈው መጽሐፍ ውስጥ የእኔን እጅ አገኘሁት ብል ማጋነን አይደለም።

ራማዚኒ ለሐኪሞች ሁለት ነገር መክሯል። አንደኛው፣ የጥንቶቹ ሐኪሞች በሽተኛን ይጠይቁት በነበረው ላይ አንድ ጥያቄ ጨምሩ የሚል ነው፤ ሥራህ ምንድን ነው? ሁለተኛው፣ ድሃ ቤት ስትገቡ ወዲያው የልብ ትርታ ለመዳሰስ አትቸኩሉ፤ በወርቅ የተለበጠ ወንበር ባይኖር ባለ ሦስት እግር በርጩማ ላይም ቢሆን ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ የሚል ነው። እኛ አገር በርጩማው መቼ ጠፋ! የሚጠፋው ቁጭ የሚለው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው መመዘኛ ይኸው ነው፤ ሥራውን መጠየቅ፣ ቦታውን ማወቅ።

ጥርስ የሚቆጥሩ ሐኪሞች

ቀጥሎ የምንሄደው ወደ እንግሊዝ ነው። የሽመና ፋብሪካዎች ሕፃናትን ይቀጥሩ በነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1833 የወጣው ሕግ ከዘጠኝ ዓመት በታች ያለ ልጅ በአብዛኞቹ የጨርቅ ፋብሪካዎች እንዳይሠራ ከለከለ። የልደት ምዝገባ ግን አገሩ ውስጥ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1837 ነው። ታዲያ የልጁ ዕድሜ በምን ይታወቅ? ሕጉ ለሐኪም ሰጠው። ሐኪሙ ልጁን አይቶ «የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጉልበትና መልክ አለው» ብሎ ወረቀት ይጽፋል። አንዳንዱ በቁመት ገመተ። እ.ኤ.አ. በ1837 ኤድዊን ሳውንደርስ የሚባል የጥርስ ሐኪም ከአንድ ሺህ በላይ ልጆችን መርምሮ ጥርስ ከቁመት የተሻለ የዕድሜ ምስክር ነው ብሎ ጽሑፍ አሳተመ። ልጆች አፋቸውን እየከፈቱ ተሰለፉ። የገበያ በሬ ሲገዛ ጥርሱ እንደሚታየው ማለት ነው።

ችግሩ ወዲያው ታየ። ወረቀቱን የትኛውም ሐኪም መጻፍ ስለሚችል፣ አንዱ እምቢ ያለው ልጅ ሌላው ጋ ሄዶ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1844 የወጣው ሕግ ይህን ለማስቆም ወረቀቱን የሚጽፉ ሐኪሞችን የመንግሥት የፋብሪካ ኢንስፔክተሮች እንዲሾሙ አደረገ። ለሠራተኛ ምርመራ ማን ብቁ ነው ብሎ መለየት እዚህ ላይ መልክ ያዘ። እነዚህ ሐኪሞች ግን ክፍያቸው ከፋብሪካው ባለቤት ነበር፤ ሥራቸውም በአብዛኛው ይለፍ ወይም አይለፍ ማለት ነው። ልጁ ከገባ በኋላ ምን እንደሚተነፍስ መጠየቅ የእነሱ ድርሻ አልነበረም።

እህቶቼ፣ ይህን ሳነብ አዲስ አበባ ሜዲካል የተሰለፍኩበት ቀን ትዝ አለኝ። ወደዚያ እመለስበታለሁ።

በዚያው ዘመን ሌላ መንገድ ያየም ነበር። ሮበርት ቤከር የሚባል የሊድስ ከተማ ሐኪም፣ እ.ኤ.አ. በ1830 ገደማ አንድ የፋብሪካ ባለቤት በሚሠሩለት ልጆች ጤና ተጨንቆ ምክር ቢጠይቀው፣ የራስህን ሐኪም ፋብሪካው ውስጥ አስገባ፤ ክፍል በክፍል ይዙር፤ ሥራው የሚጎዳው ልጅ ሲያገኝ ይንገርህ፤ አንተም ስማው አለው። ቤከር በኋላ ራሱ የፋብሪካ ኢንስፔክተር ሆኗል። የምክሩ ቁም ነገር ሐኪሙ በር ላይ ቆሞ ወረቀት የሚጽፍ ሳይሆን ውስጥ ገብቶ የሚዞር ይሁን የሚል ነው።

ወረቀት ብቻ የማይበቃበት ምክንያት

እ.ኤ.አ. በ1898 የእንግሊዝ መንግሥት ቶማስ ሌግ የሚባል ሐኪም የመጀመሪያው የፋብሪካዎች የሕክምና ኢንስፔክተር አድርጎ ሾመ። ሌግ ዕድሜውን ያሳለፈው በእርሳስ መመረዝ ላይ ነው። እርሳስ ስል የመጻፊያውን አይደለም፤ በቀለምና በሸክላ ሥራ ውስጥ የሚገባውን ብረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ነጭ የእርሳስ ቀለምን የሚገድብ ስምምነት አወጣ። የእንግሊዝ መንግሥት አልቀበልም ሲል ሌግ እ.ኤ.አ. በ1926 ሥልጣኑን ለቀቀ። የእውቀቱ ወረቀት እጁ ላይ ነበር፤ ደመወዝ ከፋዩን እምቢ የማለት ድፍረት ግን በወረቀት አይገኝም።

ለእኛ ይበልጥ የምትቀርበው አሊስ ሃሚልተን ናት። እ.ኤ.አ. በ1869 የተወለደች አሜሪካዊት ሐኪም ስትሆን፣ ከ1897 ጀምሮ ቺካጎ ውስጥ ሃል ሃውስ በሚባል፣ ከአውሮፓ የመጡ ስደተኞች በሚኖሩበት ሰፈር መካከል ባለ ማኅበራዊ ቤት ኖረች። ጎረቤቶቿ ባላቸው እጁ ሽባ የሆነ፣ ልጃቸው ሆዱን ቁርጠት የያዘው ስደተኞች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1910 የኢሊኖይ ግዛት የሥራ በሽታዎችን እንድታጠና ሲመድባት ፋብሪካ በር ላይ ቆማ አልቀረችም። ቤታቸው ሄዳ ሚስቶቻቸውን ጠየቀች፤ መድኃኒት ሻጩንና ቄሱን ጠየቀች። ባለ ፋብሪካዎቹ ሠራተኞቹ የሚታመሙት እጃቸውን ስለማይታጠቡ ነው ሲሉ፣ እሷ አቧራው በትንፋሽ እንደሚገባ አሳየች። እጅ ያልታጠበ ሳንባ ይታመማል እንዴ!

እ.ኤ.አ. በ1919 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ መምህርት አድርጎ ቀጠራት፤ በዚያ ተቋም የመጀመሪያዋ ሴት መምህር ናት። ነገር ግን መምህራን ክበብ አትግቢ፣ በምረቃ ሰልፍም አትሰለፊ ተባለች። በሙያው አገሩ ውስጥ የሚወዳደራት እያጣች በሰልፉ ብቁ አይደለሽም መባል! ብቁ ነሽ፣ አይደለሽም የሚለው ወረቀት ሁልጊዜ ስለ እውቀት ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም። ሃሚልተን 101 ዓመት ኖራ እ.ኤ.አ. በ1970 አረፈች።

ዓለም የተስማማበት

ይህ ሁሉ ልምድ ተጠራቅሞ እ.ኤ.አ. በ1959 ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የውሳኔ ሐሳብ ቁጥር 112ን አወጣ። የሥራ ቦታ ሐኪም በተቻለ መጠን በሥራ ጤና ልዩ ሥልጠና የወሰደ ይሁን፤ ከአሠሪውም ከሠራተኛውም ሙያዊና ሞራላዊ ነፃነት ይኑረው ይላል። እ.ኤ.አ. በ1985 ደግሞ ስምምነት ቁጥር 161 መጣ። ይህኛው የሚያስረው ያጸደቀ አገርን ነው። ከውስጡ አራቱን ነጥብ ያዙልኝ።

አንደኛ፣ የሥራ ጤና ባለሙያ ምን ዓይነት ትምህርትና ብቃት እንደሚያስፈልገው የአገሩ ባለሥልጣን እንደ ሥራው ዓይነት ይወስናል። ሁለተኛ፣ ባለሙያው ከአሠሪውም ከሠራተኛውም ሙሉ ሙያዊ ነፃነት ይኖረዋል። ሦስተኛ፣ ምርመራው የሠራተኛውን ገቢ አይነካም፤ በነፃ ይሆናል፣ በተቻለ መጠንም በሥራ ሰዓት ይደረጋል። አራተኛ፣ አሠሪው ሐኪሙን ይህች ሠራተኛ ከሥራ የቀረችበት ምክንያት እውነት ነው ወይስ ውሸት ብለህ አጣራ ብሎ ሊያዝዘው አይችልም። ሐኪሙ የአሠሪ ዘበኛ አይደለም ማለት ነው።

ወደ አገራችን

በእኛም አገር የራሱ ታሪክ አለው። በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት፣ ያሠለጠነው ሆስፒታል ተቀምጦ የሚጠብቅ ሐኪም አልነበረም። የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒቴሪያን በቡድን ሆነው ሕዝቡ ወዳለበት እንዲወጡ ነው የተማሩት። ሳኒቴሪያን ማለት ውሃውን፣ ሽንት ቤቱን፣ የሥራ ቦታውን ዞሮ የሚያይ ባለሙያ ነው። አዲስ አበባ ላይ የሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው ከዚያ አሥር ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው። ራማዚኒ ይህን ቢያይ ደስ ባለው ነበር።

ቦታውን ማየት ለምን እንደሚያስፈልግ ደግሞ ወንጂ ትመስክር። የሆላንዱ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ አዋሽ ዳር የተከለው የስኳር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ጀመረ። ከየአገሩ ሰው ለሥራ ጎረፈ። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ግን ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን አንዳንዱ የወንጂ ጉድጓድ ከዚያ ብዙ እጥፍ ነበረው። በመጀመሪያ የልጆች ጥርስ በለዘ። ዓመታት ሲያልፉ የነባር ሠራተኞች ወገብና አንገት ደረቀ፣ አንዳንዱም ጎበጠ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ባሳተሟቸው ጥናቶች ይህ የመጣው ለረጅም ዓመት ከተጠጣው ውሃ መሆኑን አስረድተዋል። ወገብ የሚያመውን ሰው ወገቡን ብቻ ያየ ሐኪም መቼ ይደርስበታል? የት ትኖራለህ፣ ስንት ዓመት ኖርክ፣ የምትጠጣው ከየት ነው ብሎ የጠየቀ ነው የደረሰበት። በእንግሊዝ የዕድሜ መለኪያ የነበረው ጥርስ እኛ ዘንድ የውሃው ምስክር ሆነ።

ሕጉን በተመለከተ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው እንደ ሥራው ጠባይ አዲስ ተቀጣሪዎችንና አደገኛ ሥራ ላይ ያሉትን በራሱ ወጪ እንዲያስመረምር ያዛል። በሥራ ላይ አካሉ የጎደለ ሰው የጉዳቱን መጠን የሚወስነውም አሠሪው የመረጠው ሐኪም ሳይሆን የሕክምና ቦርድ ነው። ጥሩ ነው። ግን የቤት ሠራተኛ በዚህ አዋጅ ውስጥ የለችም፤ በሌላ ደንብ ይታያል ተብላ ወጥታለች። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አሠሪው ዘንድ የምትኖር ሠራተኛ ጤናዋ እንዲጠበቅ፣ ስትታመምም እንድትታከም ጥቂት አንቀጽ ሰጥቷታል። ስንቶቻችን አገር ቤት በሰው ቤት ስንሠራ ይህን ሰምተን ነበር?

ሜዲካል፣ ፊት፣ አንፊት

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ከመምጣታችን በፊት ያለፍንበትን ሜዲካል አስታውሱት። ጋምካ እንለው ነበር፣ አሁን ዋፊድ ሆኗል። ራጅ፣ ደም፣ ሽንት። ቲቢ፣ የጉበት ቫይረስ፣ ኤች አይ ቪ፣ እርግዝና። መጨረሻ ላይ አንድ ቃል ትሰሚያለሽ፤ ፊት ወይም አንፊት። አንፊት የተባለች ልጅ በር ላይ ቁጭ ብላ ስታለቅስ አይቻለሁ። ምን እንዳለባት የነገራት የለም፤ ደላላው ነው የነገራት። ክፍያውንም የምንከፍለው እኛው ነን። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ራሱ የቪዛና የአየር ቲኬቱን በአሠሪው ላይ ሲጥል፣ የሕክምና ምርመራውን ወጪ የሠራተኛዋ አድርጎታል።

ይህ ምርመራ ጥቅም የለውም አልልም። ያላወቀችውን ቲቢ አውቃ የታከመች ልጅ አውቃለሁ። ነገር ግን የሚጠይቀው አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ እሷ ለሥራው ትሆናለች ወይ? ሥራው ለእሷ ይሆናታል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሐኪም በመንገዳችን ላይ አልቆመም። ጥርስ ይቆጥሩ ከነበሩት የ1833 ሐኪሞች ያለፈው ይህን ያህል ነው።

የሳዑዲ ሕግስ? እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የሥራ ሕግ ለሥራ በሽታ የተጋለጡ ሠራተኞችን አሠሪው ሐኪም መድቦ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲያስመረምር ያዛል። ይኸው ሕግ ግን በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ያወጣል። በ2013 ለቤት ሠራተኞች ለብቻው ደንብ ወጣ፤ በሐኪም ማስረጃ በዓመት እስከ 30 ቀን የሕመም ፈቃድ ከነደመወዝ ሰጠ። ያ ደንብ ከዚያ ወዲህ በአዲስ ተተክቷል፤ ስለዚህ የአሁኑን ከማኅበራችን ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ደግሞ በአንድ አሠሪ ስም ከአራት በላይ የቤት ሠራተኛ ከተመዘገበ የጤና መድን ግዴታ ሆነ። ትልቅ ቪላ ውስጥ ላሉት መልካም ዜና ነው። እንደ እኔ ብቻዋን የምትሠራዋ ግን ከቁጥሩ በታች ሆነች።

የሐኪሞቹን ብቃት በሚመለከት ግን እዚህ አገር ጥብቅ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1992 የተቋቋመው የሳዑዲ የጤና ሙያዎች ኮሚሽን ማንኛውንም የጤና ባለሙያ፣ የአገሩ ይሁን የውጭ፣ መዝግቦ ደረጃ ይሰጣል። ያለ ምዝገባና ያለ ፈቃድ ማከም ወንጀል ነው። የጤና ሙያ ሕጉ ደግሞ ባለሙያው የታካሚን ምስጢር እንዲጠብቅ፣ ያለ ታካሚው ፈቃድም ሕክምና እንዳያደርግ ያስገድዳል። ታካሚ ሲል የቤት ሠራተኛ ካልሆነች በቀር አይልም።

ስለዚህ ወረቀትን እያናናቅሁ እንዳይመስላችሁ። ኢቃማ የሌላት አንዲት የማውቃት ልጅ ክሊኒክ መሄድ ፈርታ በየቤቱ እየዞረች መርፌ በምትወጋ ሴት ተወግታ ነበር። ዳሌዋ መግል ቋጥሮ ለወራት ተሰቃይታለች። ያቺ ሴት ሥራዋን ጠይቃታለች፣ አልጋዋ ዳር ቁጭ ብላ አዝናላታለች፤ እውቀቱ ግን አልነበራትም። እኔን ያየው የመጀመሪያው ሐኪም ደግሞ እውቀቱ ነበረው፣ ጥያቄው አልነበረውም። አንዱ ያለ ሌላው አያድንም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ከራማዚኒ እስከ ዑለያ ያነበብኩትን ሳጠቃልለው፣ የሥራ ቦታ ሐኪም ሦስት ነገር ያስፈልገዋል። እውቀቱ በወረቀት የተረጋገጠ ይሁን። ሥራውን ይጠይቅ፣ ከቻለም ቦታውን ይይ። ከፋዩ ማንም ቢሆን ምስጢሩና ታማኝነቱ ለታካሚዋ ይሁን። የፋብሪካ ሠራተኞች ይህን ለማግኘት መቶ ዓመት ታግለዋል። የእኛ የሥራ ቦታ የሰው ቤት ስለሆነ ኢንስፔክተር አያንኳኳም፣ ሐኪምም ክፍል በክፍል አይዞርም። እንግዲህ ቦታውን ወደ ሐኪሙ ይዘን የምንሄደው እኛው ነን።

ስትሄዱ ይህን አድርጉ። ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም ሥራችሁን ቀድማችሁ ተናገሩ። በምን እንደምታጸዱ ስሙን ካላወቃችሁ የጠርሙሱን ወረቀት በስልክ ፎቶ አንሱና አሳዩት። መቼ እንደሚብስባችሁ ንገሩት፤ በሥራ ቀን ነው በዕረፍት ቀን? ወለል ስታጥቡ ነው ስትተኙ? ውጤቱን «ለእኔም ስጠኝ» በሉት፤ ቢያንስ ፎቶ አንሱት። ቋንቋ ቢያስቸግር ወደ ማኅበሩ ደውሉ፣ ዓርብ ዓርብ አረብኛ የሚያውቁ እህቶች አሉን። የጤና ሚኒስቴሩ የምክር ስልክ 937 ነው፤ ትንፋሽ ካጠራችሁ ደግሞ አምቡላንሱ 997 ነው። በረኪናን ከአሲድም ሆነ አሞንያ ካለው ማጽጃ ጋር በጭራሽ አትቀላቅሉ። በሩን ክፈቱት፤ ሽታው ሳሎን ይግባ።

ለማኅበራችንም አንድ ሐሳብ አለኝ። ስለ ኮንትራት ከኤምባሲውም ሆነ ከኤጀንሲዎች ጋር ስትነጋገሩ የደመወዝና የዕረፍት ቀን ጥያቄ ላይ አንድ መስመር ጨምሩልን፤ የምርመራ ውጤታችን መጀመሪያ ለእኛ፣ በምንሰማው ቋንቋ ይነገረን። ትንሽ ነገር ትመስላለች። በር ላይ ቁጭ ብላ ያለቀሰችውን ልጅ ያየ ግን ትንሽ አይላትም።

እኔ አሁን ደህና ነኝ። መተንፈሻ መድኃኒቷን በኪሴ ይዤ እዞራለሁ። ማዳም ለመታጠቢያ ቤቶቹ አየር መሳቢያ አስገጥማልናለች፤ አሲዱንም መግዛት ትታለች። ሱዳናዊውን ሐኪም ዳግመኛ አላየኋቸውም። ባለፈው ወር አዲስ የመጣች የጎረቤት ልጅ እጄን አሳከከኝ ብላ መጣችብኝ። ቅባት ልፈልግላት ተነሳሁና ትዝ ሲለኝ ተመልሼ ቁጭ አልኩ። መጀመሪያ በምን እንደምታጥቢ ንገሪኝ አልኳት።